ኦርኪድን በውሃ ስለ መግደል፦ የእንግሊዞችና የእኔ ታሪክ

አምና አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ያመጣችልኝን ነጭ ኦርኪድ ፎቶ እዚህ ለጥፌ ነበር። ልናዘዝ መሰለኝ፤ ልገድላት ምንም አልቀረኝም። ከመጣችበት ጠባብ ዕቃ አውጥቼ ጥቁር አፈር የሞላሁት ማሰሮ ውስጥ ተከልኳት፣ ጠዋት ማታም ውሃ። በሁለት ወር ቅጠሏ ተልፈሰፈሰ። "ጠምቷት ነው" ብዬ ጨመርኩላት!

ኋላ ሳነብ ግን ብቻዬን አለመሆኔን አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1818 ዊልያም ካትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ከብራዚል የመጣ ኦርኪድ ቤቱ አበበለት። ከዚያ በኋላ የአገሩ ሀብታም ሁሉ በኦርኪድ አበደ። ተክሉ በመርከብ ይጫናል፣ ይደርሳል፣ ይሞታል። ምክንያቱም "የሞቃት አገር ተክል ነው" ብለው በተዘጋ የመስታወት ቤት ያፍኑት ነበር። ማሰሮውንም ቆዳ ፋቂዎች ተጠቅመው በጣሉት፣ እየበሰበሰ በሚግል የዛፍ ቅርፊት ውስጥ ይቀብሩታል። እንግሊዝ የኦርኪድ መቃብር ነበረች የሚባለው ለዚህ ነው።

ስህተቱ የጀማሪዎች ብቻ ቢሆን አይገርምም ነበር። ለካትሊ አበባ ስም ያወጣው ታላቁ የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሌይ ራሱ በ1830 ለለንደን የአትክልት ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ከፍተኛ ሙቀት፣ ጥላና ብዙ እርጥበት ነው የመከረው። አትክልተኛው ሁሉ ተከተለው። መምህር ሲሳሳት ክፍሉ በሙሉ ይሳሳታል፤ ይህቺን እኔም አውቃታለሁ።

መፍትሔው ከሁለት በኩል መጣ። ጆሴፍ ፓክስተን (በኋላ ክሪስታል ፓላስን የነደፈው) በቻትስዎርዝ የተለያየ ሙቀት ያላቸው ቤቶች ሠርቶ አየር አስገባ። ጫካ የገቡ ሰብሳቢዎች ደግሞ ብዙዎቹ ኦርኪዶች ጉምና ነፋስ ባለበት ቀዝቃዛ ደጋ እንደሚበቅሉ ጻፉ። ሊንድሌይም በ1846 ዣን ሊንደን ከኮሎምቢያና ከኩባ የሰበሰባቸውን ኦርኪዶች፣ ከሚበቅሉበት ከፍታና ሙቀት ጋር አሳተመ። የራሱን የድሮ ምክር የሚያፈርስ ማስረጃ በራሱ እጅ! እኔን የነካኝ ይሄ ነው።

የእኔዋ ፋሌኖፕሲስ ትባላለች፤ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዘር ናት፣ ሙቀት አትጠላም። ሥሯ ግን እንደ ብዙዎቹ ዘመዶቿ አፈር አያውቅም፤ ዛፍ ላይ ተጣብቆ አየር ላይ ነው የሚኖረው። በእኛ የከፋና የጅማ የቡና ጫካዎችም ዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶች አሉ። ሰው ተቀጽላ ይላቸዋል፤ ግን የዛፉን ምግብ አይመጡም፣ መቆሚያ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ስለዚህ ማሰሮውን ገለበጥኩት። ጥቁርና ልፍስፍስ ያለውን ሥር በአልኮል በጠረግኩት መቀስ ቆረጥኩ፣ ጠንካራውን ተውኩ። ሃይላንድ ቆርጬ ታቹንና ጎኑን በጋለ ሚስማር በሳሳሁት። በአፈር ፋንታ የጥድ ቅርፊትና የከሰል ስብርባሪ ሞላሁ። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታት ቦታ አስቀመጥኳት። ውሃ የማጠጣው ሥሩ ብርማ ሲመስል ነው፤ ሲጠጣ አረንጓዴ ይሆናል። ለዚህ ነው ዕቃው ብርሃን የሚያሳልፍ መሆኑ የጠቀመኝ። አጠጥቼ ውሃው ሙሉ በሙሉ እስኪንጠፈጠፍ እጠብቃለሁ። እናንተ ስታዛውሩ ግን፣ ተክሉ ካልታመመ፣ አበባው እስኪረግፍ ታገሡ።

አበባ ገና የለም። ግን ባለፈው ሳምንት ጫፉ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ሥር በሃይላንዱ ጎን አየሁ። ተማሪዬ ይህን ካነበብሽ፣ ማሰሮዋ የት ደረሰች ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ጤና አዳም ተክዬባታለሁ።