የምስክር ቃልና የመርማሪው ሥራ

በኢትዮጵያ አቤት ማለት ጥንታዊ ነው። የተበደለ ሰው ከአጥቢያ ዳኛ ጀምሮ እስከ ዙፋን ችሎት ደጅ ይጠና ነበር፤ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰውም እርምጃውን እንዲገታ ልማዱ ያስገድደው ነበር። ነገር ግን ሹመትም ሥልጣንም የሌለው ዜጋ የሌላውን በደል መርምሮ፣ በማስረጃ አረጋግጦና አትሞ ለመንግሥትም ለሕዝብም ማቅረብን ሙያው አድርጎ መያዙ የቅርብ ዘመን ነገር ነው።

የዚህን ሙያ አመጣጥ ለመረዳት ወደ 1966 ዓ.ም. መመለስ ይገባል። በዚያ ዓመት በተቋቋመው የመርማሪ ኮሚሽን ውስጥ ካገለገሉት አንዱ የጂኦግራፊው ምሁር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ በባለሥልጣኖች ላይ የቀረበውን ክስ በማጣራት ላይ ሳለ፣ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ የሚደርሱ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ አብዛኞቹም የቀድሞው መንግሥት ሹማምንት ነበሩ። በዚያች ሌሊት የጠፋው የሰው ሕይወት ብቻ አልነበረም። ማስረጃ በችሎት ፊት ቀርቦ የሚመዘንበት፣ ጥፋተኛውም ከንጹሑ የሚለይበት ዕድል አብሮ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ወደ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ አለፈ። መስከረም 29 ቀን 1984 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍንና ሌሎች ዜጎች የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን፣ በአጭሩ ኢሰመጉን፣ መሠረቱ። ዓላማውም ሦስት ነበር፤ ይኸውም ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት እንዲጠናከር፣ የሕግ የበላይነት እንዲሰፍንና ሰብአዊ መብቶች እንዲከበሩ መጣር ነው። የመጀመሪያው መግለጫ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ወጣ። መንግሥት ግን ድርጅቱን የመዘገበው በ1991 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የኢሰመጉ ሠራተኞች ሕግ ይከበር እያሉ ሲጽፉ፣ ራሳቸው የሕግ ሰውነት ማረጋገጫ ሳይኖራቸው ዓመታት አሳልፈዋል።

ሥራው ከሩቅ ለሚያየው የጩኸትና የክርክር ሥራ ይመስላል። በእውነቱ ግን ለመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሥራ የቀረበ ነው። አንዲት እናት ልጇ ከቤት ከተወሰደ ሳምንት እንዳለፈው ልትናገር ትመጣለች። መርማሪው እንባዋን አያቋርጥም፤ ነገር ግን ሲወስዱት በዓይኗ አይታ እንደሆነ ወይም ከጎረቤት ሰምታ እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ግዴታው ነው። የመጡት ሰዎች ምን ለብሰው ነበር? ሰዓቱ ስንት ነበር? የመያዣ ትእዛዝ አሳይተዋል? ሌላ ያየ ሰው አለ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ላዘነ ሰው ማቅረብ ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ሳይጠየቅ የተጻፈ ቃል ግን በኋላ እናቲቱን ራሷን አይጠቅማትም።

ቃሉ ከተጻፈ በኋላ ሌላ ምስክር ይፈለጋል። የሐኪም ወረቀት ካለ ይያያዛል፤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ደብዳቤ ይጻፋል። መልስ ባይመጣ እንኳ ግልባጩ ከፋይሉ አይወጣም፤ ዝምታውም ማስረጃ ነውና። ስሙ ቢታወቅ የሚጎዳው ሰው ስሙ ይሸሸጋል። መርማሪው የሰማውን ይዞ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ለባለቤቱም ቢሆን ሊያጫውታት አይችልም። ከሁሉ የሚከብደው ግን እውነት መሆኑን ልቡ ያመነውን ጉዳይ፣ ማስረጃው ስላልሞላ ብቻ ከመግለጫው ማስቀረት ነው። ሞተ ተብሎ የተጻፈ አንድ ሰው በሕይወት ቢገኝ፣ በእውነት የሞቱትን የአሥሩን ስም ይዞ ይወድቃልና።

ሥራው ዋጋ አስከፍሏል። የኢሰመጉ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት በእግራቸው ወደ ሥራ ሲሄዱ አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። መንግሥት ሊያዙ ሲሉ አሻፈረኝ ብለዋል ሲል፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ግን መሣሪያ አለመያዛቸውን ገልጿል። ልክ በአራተኛው ሙት ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ፕሮፌሰር መስፍንና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁከት ጋር በተያያዘ ተይዘው ታሰሩ፤ ከአንድ ወር ገደማ በኋላም በዋስ ወጡ። በሰኔ 1997 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የተገደሉትን ሰዎች ጉዳይ ይከታተሉ የነበሩ መርማሪዎች ራሳቸው ታሰሩ።

ሆኖም ድርጅቱን ከእስርም በላይ ያዳከመው አዋጅ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከቦሌ መንገድ አንሥቶ እስከ ገርጂና መገናኛ ድረስ ቪላ ቤት ተከራይተው ሰሌዳ የሰቀሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ብዙ ነበሩ፤ አብዛኛው ገንዘባቸውም ከውጭ ይመጣ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ በሰብአዊ መብት ሥራ የሚሰማራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ከለከለ። በውጭ ገንዘብ ፖለቲካ መሥራት አይገባም የሚለው የመንግሥት ክርክር ከሥሩ ባዶ ነበር ማለት አይቻልም። ዳሩ ግን በደሃ አገር የመርማሪን ደመወዝና የመኪና ነዳጅ ከአባላት መዋጮ ብቻ ሸፍኑ ማለት፣ ሥራውን በስሙ ሳይጠሩ መዝጋት ነበር።

በ2002 ዓ.ም. የኢሰመጉ ከ500 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ የሚገመት ገንዘብ በባንክ ታገደ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ተመሳሳይ እገዳ ደረሰበት። ኢሰመጉ በፍርድ ቤት ቢከራከርም፣ በ2005 ዓ.ም. ጉዳዩ በሰበር ደረጃ ያለ ውጤት ተዘጋ። ከአሥራ ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች ዘጠኙ ተዘጉ፤ ሠራተኛውም ተበተነ። ድርጅቱ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም እንዲተው በመደረጉ ሰመጉ ተብሎ ቀረ። በቦሌም በባሌም እንደሚባለው፣ ከሠራተኞቹ አገር ጥለው የወጡ ነበሩ። ስለ ስደታቸው ብዙ ተነግሯል። ቢሮው ስለተዘጋበት በአውራጃ የቀረው አቤት ባይ ግን ያስታወሰው ጥቂት ነው።

የቀሩት ጥቂት ሠራተኞች ግን መጻፋቸውን አላቆሙም። በኦሮሚያ የተነሣውን ተቃውሞ ተከትሎ የደረሰውን ግድያና እስር የመረመረው 140ኛው ልዩ መግለጫ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ወጣ። ለተቃውሞው መነሻ ከሆኑት አንዱ የአዲስ አበባ መስፋፋት ነበር። ከቦሌ ወደ ምሥራቅ፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ በኩል፣ የጤፍ ማሳ የነበረው መሬት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በቅሎበት ነበር፤ ከዚያም አልፎ በለገጣፎ ለገዳዲ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ብዙ ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ፈረሱ። በዚያው ወር የቀድሞው አዋጅ ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ፤ የውጭ ገንዘብ ገደቡም ተነሣ፤ ድርጅቱም «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስሙን መልሶ አገኘ። ፕሮፌሰር መስፍን ከዚህ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚያቀርበው ማስረጃ ልጇ ከታሰረባት እናት ማስረጃ የተለየ ነው፤ ከገበሬ ላይ መሬት የተገዛበት የእጅ ጽሑፍ ውል፣ የመብራት ክፍያ ደረሰኝና ከመፍረሱ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። መርማሪውም ያንኑ የቆየ ጥያቄ ያቀርባል፤ ማስጠንቀቂያው የደረሰው በስንት ቀን ነበር? በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል?