መምህር ወይስ ዩኒቨርሲቲ? የሶፊያ ኮቫሌቭስካያ የዶክትሬት መንገድ

በሒሳብ ትምህርት እስከ ዶክትሬት ዲግሪ ለመዝለቅ የሚነሣ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዩኒቨርሲቲውን ስም ነው። ይሁን እንጂ የሙያችን ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ የጥናቱን ዕጣ ከስሙ ይበልጥ የሚወስነው ሥራውን በቅርብ የሚመራው መምህር ነው። ለዚህም የሶፊያ ኮቫሌቭስካያ ሕይወት ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሶፊያ በ1850 በሞስኮ ተወለደች። በዘመኑ የሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች በር ለሴቶች ዝግ ስለ ነበረ፣ ከአገር ለመውጣት እንዲያመቻት በ1868 ለይስሙላ ትዳር መሥርታ በተከታዩ ዓመት ወደ ሃይደልበርግ ተሻገረች። በዚያም የየመምህራኑን ፈቃድ እያገኘች ትምህርቱን ተከታተለች። ከመምህራኖቿ አንዱ የነበረው ኬኒግስበርገር ቀደም ሲል በበርሊን የካርል ዋየርሽትራስ ደቀ መዝሙር ነበር። እርሷም ከምንጩ ለመቅዳት ቆርጣ በ1870 ወደ በርሊን ሄደች።

የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ግን ሴት ከወንዶች ጋር ተቀምጣ ትምህርቱን እንድታዳምጥ እንኳ አልፈቀደም። ዋየርሽትራስ በሰጣት ጥያቄዎች ችሎታዋን ከመዘነ በኋላ ለ4 ዓመታት ያህል ለብቻዋ አስተማራት፤ ገና ያልታተሙ ሥራዎቹንም አካፈላት። በመዝገብ ከሰፈሩት ተማሪዎች ስንቱ ይህን አግኝቷል?

ነገር ግን መምህር ብቻውን ማዕረግ አይሰጥም። ስለዚህም ዋየርሽትራስ፣ እጩው በአካል ሳይቀርብ ዲግሪ ወደሚሰጥበት ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ፊቱን መለሰ። በ1874 የቀረቡት ጽሑፎች 3 ሲሆኑ፣ እነርሱም ስለ ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ስለ አቤል ኢንተግራሎችና ስለ ሳተርን ቀለበቶች ቅርጽ የተጻፉ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲውም ያለ ቃል ፈተና በከፍተኛ ማዕረግ የዶክትሬት ዲግሪ ሰጣት። የመጀመሪያው ጽሑፍ ውጤት ዛሬም የኮሺና የኮቫሌቭስካያ ቴዎረም ይባላል።

ሆኖም ዲግሪው ወዲያው እንጀራ አልሆናትም። ወደ አገሯ ብትመለስም ለዕውቀቷ የሚመጥን ሥራ አላገኘችም፤ ለዓመታትም ከምርምር ርቃ ቆየች። በመጨረሻ በ1883 በስቶክሆልም የማስተማሩን በር የከፈተላት ሚታግ ሌፍለር ነበር፤ እርሱም እንደ እርሷ ከዋየርሽትራስ እግር ሥር የተማረ ነው። በ1889 በዚያው ቋሚ ፕሮፌሰር ሆነች።

እንግዲህ ሦስቱ ነገሮች በሦስት ከተሞች ተለያይተው ነበር፤ ዕውቀቱ በበርሊን፣ ማዕረጉ በጎቲንገን፣ እንጀራው በስቶክሆልም። ዛሬ አንድ ተማሪ ሦስቱንም በአንድ ተቋም ሊያገኝ ይችል ይሆናል። ቢሆንም ማመልከቻውን ከመሙላቱ በፊት ለየብቻቸው ሊመረምራቸው ይገባል፤ ይኸውም በምን ጥያቄ ላይ፣ ከማን ጋር እሠራለሁ? የተቋሙ ደንብስ ለእኔ ሁኔታ ይስማማልን? የመምህሩ የቀድሞ ተማሪዎችስ የት ደረሱ? ብሎ ነው። ምክር የሚጠየቅ ባልደረባም የዩኒቨርሲቲዎችን ዝና ከመዘርዘር ይልቅ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ቢያተኩር፣ ለተማሪው ዘለቄታ ያለው ውለታ ይውልለታል።