የቋራው ሽፍታ ከአፈ ታሪክ ወደ ልብ ወለድ ታሪክ

በኢትዮጵያ ልማድ ሽፍታ ሲባል ቀማኛ ማለት ብቻ አይደለም። ርስቱን የተነጠቀ፥ ሹመት የተከለከለ ወይም በዳኛ የተበደለ ሰው «ዱር ቤቴ» ብሎ ጫካ ሲገባ፥ ሕዝቡ ይፈራዋል፤ ያደንቀዋልም። ስለዚህ የሽፍታ ዝና በፉከራና በቀረርቶ፥ በአዝማሪ ግጥምና በሽማግሌዎች ጨዋታ ሲነገር ኖሯል። ከሁሉም ይልቅ የታወቀው በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት የቋራው ካሳ ኃይሉ ታሪክ ነው።

ካሳ በቋራ ቈላ ሸፍተው ጭፍራ ካበዙ በኋላ፥ በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፥ ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አደረጉ። በ1847 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ውቤን አሸንፈው በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ። አፈ ታሪኩ ግን በዚህ አይወሰንም። እናታቸው ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን የጠላት ስድብ ተቀብሎ ወደ ክብር ይለውጠዋል፤ በፍካሬ ኢየሱስ ስለሚመጣው ንጉሥ የተነገረውንም ጨምሮ ሽፍታውን ከመነሻው ለዘውድ የተመረጠ ያደርገዋል።

ይህን ታሪክ የኋላ ደራስያን በልብ ወለድ መልክ ጻፉት። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን በ1958 ዓ.ም.፥ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. አሳተሙ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም ካሳ ከሽፍትነት ወደ ንጉሠ ነገሥትነት የወጡበትን መንገድ በእንግሊዝኛ ተርከው በ1974 እ.ኤ.አ. አወጡ።

አንባቢ እንደነዚህ ያሉትን መጻሕፍት ሲከፍት የነገሩን ፍጻሜ አስቀድሞ ያውቃል፤ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነው ከማንም አልተሰወረምና። እንግዲህ ደስታው ምን እንደ ሆነ በመስማት ሳይሆን፥ እንዴት እንደ ሆነ በማሰብ ነው። አፈ ታሪክ የጀግናውን ሥራ ይናገራል፤ ልብ ወለድ ግን ከሥራው በፊት ያለፈችውን የጭንቅ ሌሊት ያሳያል። አፈ ታሪክ የተዋበችን ታማኝነት ያመሰግናል፤ አባቷን ራስ ዓሊን ባሏ ሲወጋው ልቧ ለሁለት እንደ ተከፈለ ለመመርመር ግን ቦታ ያለው ልብ ወለድ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ጥቅም ጋር አንድ ጉዳት አለ። የቃል ታሪክ እንደ ተናጋሪውና እንደ አገሩ ይለያያል። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በንጉሡ ትእዛዝ ተዘርፋ ተቃጥላለች፤ የከተማይቱ ልጅ የሚተርከው ቴዎድሮስና የቋራ ሰው የሚተርከው ካሳ አንድ እንዲሆኑ መጠበቅ አይገባም። የታተመ መጽሐፍ ግን አንዱን መልክ መርጦ ያጸናዋል። መጽሐፉም በትምህርት ቤት ተነብቦ፥ በቤት ተወርቶ ወደ አፍ ሲመለስ፥ ደራሲው ከራሱ የጨመረው ነገር ከአያት እንደ ወረደ ቃል ሊቈጠር ይችላል። ያን ጊዜ ዝም የሚለው የተቃጠለበትና የተዘረፈበት ወገን ነው።

በንጉሡ ዘመን አለቃ ዘነብ የጻፉት ዜና መዋዕል በ1902 እ.ኤ.አ. በሊትማን ታትሞ ስለ ወጣ፥ የልብ ወለዱን ነገር ከእርሱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ያልተጻፈው የቃል ታሪክ ግን እንዲህ ያለ መጠጊያ የለውም። ስለዚህ ልብ ወለዱን በደስታ ማንበብ የተገባ ሲሆን፥ የቃል ታሪክ የሚሰበስብ ሁሉ ተናጋሪውን «ምን ሰማህ?» ብሎ ብቻ ሳይተወው፥ «ከማን ሰማህ?» ብሎ ሊጠይቀውና መልሱን ከታሪኩ ጋር ሊጽፈው ያስፈልጋል።