የጥለቱ ቀለም ከየት መጣ?

ደጀን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥርጭት ሲጀምር ሞገዱ ከዋና ከተማዋ ዙሪያ አያልፍም ነበር። በረሃውን ተሻግሮ ደጀን የሚደርሰው ሬዲዮ ነበር።

ስለዚህ የዚያን ዘመን ምስል የደጀን ሰው በስልኩ ሲከፍተው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ነው። የአንዲት ዘፋኝ ቀሚስ ጥለት ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ሲብለጨለጭ ቢያይ፣ ጥለቱ እንዲያ ነበር ብሎ ማመኑ አይቀርም።

አልነበረም። ባለቀለም ሥርጭት የመጣው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት በ1977 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለ20 ዓመት ያህል የታየው ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ሲታይና ንጉሡ በማግስቱ ከዙፋን ሲወርዱ፣ አዲስ አበባ ያን ረሃብ ያየችው ያለ ቀለም ነው።

ታዲያ ቀለሙን ማን ጨመረው? አሮጌውን ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠው መሣሪያ። ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ቀለምን የሚያስተላልፈው 4.43 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ባለ ሞገድ ነው። የጥለት ቀጫጭን መስመር፣ የኮት ዳማ፣ የአሮጌ ቴፕ ሽውታ ሳይቀር በዚያው ሞገድ ላይ ምልክት ይፈጥራሉ፤ መሣሪያውም ቀለም መስሎት ይተረጉመዋል። ጤናማ መሣሪያ የቀለም ማመሳከሪያ ምልክት ካጣ ቀለሙን ይዘጋል። ካሴቱ ግን በመካከል በባለቀለም መቅጃ ተገልብጦ ከሆነ ምልክቱ ተጨምሮበት ሊገኝ ስለሚችል መሣሪያው ይታለላል።

ብዙ ሰው ከተገለበጠ በኋላ በኮምፒውተር ቀለሙን ያጠፋዋል። ይህ አይበቃም፤ መሣሪያው ቀለም ብሎ የለየው የጥለቱ ረቂቅ መስመር ከምስሉ ላይ አብሮ ተነሥቷል፣ ቀለሙ ቢጠፋም መስመሩ አይመለስም።

እንግሊዞች በተቃራኒው የቀለም ሞገድ በጥቁርና ነጭ ምስል ላይ የሚተወውን ነጠብጣብ ተጠቅመውበታል። ቢቢሲ በጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ የተረፈውን «ዳድስ አርሚ» የተባለ ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል፣ ፊልሙ ላይ ከቀረው የቀለም ነጠብጣብ ተነሥቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ባለቀለም አድርጎ አሳይቷል። ያ ግን ሲቀረጽም ባለቀለም ነበር። የእኛ አልነበረም።

አሮጌ ካሴት በቤቱ ያለው ሰው ሲያስገለብጥ መሣሪያው ገና ከመጀመሪያው በጥቁርና ነጭ እንዲያነብ ያሳስብ። ከተገለበጠ በኋላም ካሴቱን አይጣል።