መተማ ስንት ስም አላት?

ነገሩ የጀመረው በአንዲት አጭር መልእክት ነው። ገንዳ ውሃ አካባቢ የምትሠራ ነርስ ጓደኛዬ፣ «ስለ መተማ ካላዛር የተጻፈ ነገር ካገኘህ ላክልኝ፤ እዚህ ኔትወርኩ አንድ ገጽ ሳይከፍት ይሞታል» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ «ዛሬ ማታ» አልኳት። ፐብሜድ ውስጥ ገብቼ የከተማዋን ስም በእንግሊዝኛ፣ በሁለት ኤም ጻፍኩ። የመጣው ትንሽ ነው። ለካ አንዱን ኤም ማጥፋት ነበረብኝ፤ ሳጠፋው ገጹ ሞላ።

ጎንደር ውስጥ በአንድ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው አውቃለሁ። ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«አንተ የፈለግኸው በሽታውን ነው። መጀመሪያ አገሩን ፈልገው እንጂ! መተማ ስንት ስም እንዳላት ታውቃለህ?»

«ስንት አላት፣ ጋሼ?»

«ቁጠራ።»

መቁጠር ጀመርኩ። (ከአንዷ መጋቢት በስተቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉበትን ቦታ እኛ መተማ እንላለን፤ ብዙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ግን «ጋላባት» ይሉታል። ዛሬ ጋላባት ከድልድዩ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ስም ነው። ይባስ ብሎ ሌላ መተማ አለ፤ ከካርቱም በስተሰሜን፣ ሸንዲ ፊት ለፊት፣ ዓባይ ዳር። የ1885ቱን የእንግሊዞች ዘመቻ ማንበብ ጀምሬ አንድ ሰዓት ሙሉ የተሳሳተ መተማ ውስጥ ስዞር ነበር። በአስተዳደር በኩል ደግሞ የንጉሡ ዘመን ጽሑፍ «ቤጌምድር» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው «ሰሜን ጎንደር»፣ የቅርቡ «ምዕራብ ጎንደር»። ገንዳ ውሃ ራሷ ሸኸዲም ትባላለች። በሽታውስ ቢሆን? ካላዛር፣ ቪሴራል ሌሽማንያሲስ፣ ጥቁር ትኩሳት፣ ደምደም ትኩሳት።

ይህ የፊደል ጨዋታ አይደለም። ፐብሜድ ጽሑፎችን የሚመድብበት የራሱ የቃላት መዝገብ አለው፤ ካላዛር ብትሉትም ወደ ትክክለኛው ርዕስ ይወስዳችኋል። አገርን ግን «ኢትዮጵያ» ብሎ ነው የሚመድበው፤ መተማ የሚባል ርዕስ የለውም። መተማ የምትገኘው ጸሐፊው በርዕሱ ወይም በአጭር መግለጫው ውስጥ ስሟን ከጠራት ብቻ ነው። ከ1975 በፊት የወጡት ጽሑፎች ደግሞ አብዛኞቹ አጭር መግለጫ የላቸውም። ስለዚህ ስለ ቆላው በ1960ዎቹ የተጻፈ ነገር ካለ «ኢትዮጵያ» ብሎ፣ ዓመቱን ወስኖ፣ አንድ በአንድ መግለጥ ነው። ጋሼ ይህን «እህል ማበጠር» ይሉታል።

ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁት ትልቁ መጽሐፍ የሐኪም አይደለም። ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ሰናር ሲሄድ በዚሁ ቆላ አልፏል፤ እሱ የአካባቢውን ስም «ራስ አል ፊል» ይለዋል። (ሌላ ስም! ጨመርኩት።) እዚያ ተቅማጥ ያዘው፣ ተቅማጡም ደም ያለው ነበር። ያዳነው የአገሩ ሰዎች የሚያውቁት የዋጊኖስ ሥር ነው። ፍሬውን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ በ1779 ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ «ብሩሲያ» ተባለ። መድኃኒቱን ያውቁ የነበሩት ሰዎች ስም የለም፣ የታመመው ሰው ስም ግን ተክሉ ላይ ቀረ። መጽሐፉ በ1790 በአምስት ቅጽ ታተመ፤ የዋጊኖስ ሥዕል ያለው አምስተኛው ቅጽ ላይ ነው። ዛሬ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ ታወርዱታላችሁ። ከባድ ፋይል ነው፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሁኑ።

ካላዛርን በተመለከተ መጀመሪያ ወሬው የሚመጣው ከድንበሩ ማዶ ነው። ሌሽማንና ዶኖቫን ተውሳኩን ያሳወቁት በ1903 ነው። በዚያው ዓመት ካርቱም ውስጥ የዌልካም ትሮፒካል ምርምር ላቦራቶሪ ሥራ ጀመረ፤ ከ1904 እስከ 1911 ባለው ጊዜም አራት ዳጎስ ያሉ ሪፖርቶች አሳተመ። የገዳሪፍና የመተማ ጥቁር አፈር አንድ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥና ግራሩ ሥር የአሸዋ ዝንቧ ትኖራለች። ዝንቧ ድንበር አታውቅም። የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ግን ያውቃል፦ ሱዳን አንድ ጋ፣ ኢትዮጵያ ሌላ ጋ።

በእኛ በኩል የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1954 ነው፤ የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ደግሞ በ1962 መውጣት ጀመረ። በዚያ ዘመን የሕክምና ተማሪ ጽሑፍ የሚፈልገው «ኢንዴክስ ሜዲከስ» በሚባለው መዝገብ ነበር። ከ1879 ጀምሮ የታተመ፣ በጥቃቅን ፊደል የታጨቀ ጥራዝ ነው። ርዕሱን ታገኛለህ፣ ጆርናሉ መደርደሪያው ላይ ከሌለ ለጸሐፊው ፖስት ካርድ ትጽፋለህ፣ ቅጂ እስኪልክልህ ትጠብቃለህ። «አንዳንዱ ሲደርስ ተማሪው ተመርቋል» ይላሉ ጋሼ። መዝገቡ መታተም ያቆመው በ2004 ነው፤ ፐብሜድ ከ1997 ጀምሮ በነጻ ተከፍቶ ስለነበር።

አሁን ወደ 2005። ሊቦ ከምከም ደጋ ነው፤ ካላዛር የሚጠበቅበት ቦታ አልነበረም። ሰዎች ሳምንታት ይተኩሳቸዋል፣ ጣፊያቸው ያብጣል፣ ይከሳሉ፣ ይሞታሉ። መጀመሪያ የተገመተው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው። ወባም ያተኩሳል፣ ጣፊያም ያሳብጣል፤ ግምቱ የሞኝ ግምት አልነበረም። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርደው የሚመለሱት ሰዎች ናቸው። ስለ ቆላው ካላዛር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተጽፏል። ሠራተኛው ግን የሚመለሰው ወደ ደጋው ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ «ቆላ» የሚል መደርደሪያ ላይ ነው የተቀመጠው። ጓደኛዬ መልእክቱን ስትልክ ይህን ታስብ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ፍለጋውን እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ማየት አቃተኝ።

ደግ ዜናም አለ። በ2012 አንድ ትልቅ የምሥራቅ አፍሪካ ጥናት ታተመ፤ ከጥናቱ ቦታዎች አንዱ ጎንደር ነው። የ30 ቀኑን መርፌ ሁለት መድኃኒት በማጣመር ወደ 17 ቀን ማሳጠር እንደሚቻል አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕክምና ከ2010 ጀምሮ ይመክራል። 13 ቀን ማለት ለቀን ሠራተኛ ምን እንደሆነ አስቡት። ጽሑፉ የታተመው ለማንም ክፍት በሆነ ጆርናል ነው፤ ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ ይከፈታል። ሌሎቹን ስነካ ግን ካርድ ቁጥር ጠየቁኝ፤ ስለ መተማ ሰው ደም የተጻፈ፣ በዶላር የሚሸጥ።

ለዚህ ነው ሂናሪ የተፈጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በጥር 2002 ሲጀምረው ወደ 1,500 ጆርናል ነበረው፤ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት አገሮች ወገን ናት። ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ሆስፒታልም መመዝገብ ይችላል። ግን ለግለሰብ አይሰጥም፣ ለተቋም ነው፤ የይለፍ ቃሉ ያለው ላይብረሪያኑ ጋ ነው። ብዙ ወጣት የጤና ባለሙያ ጠይቄ ስሙን እንኳ አልሰማም። ጋሼን «ለምን አይነገርም?» አልኳቸው። «እኛ እኮ ስልጠና ሰጥተናል፤ የሰለጠነው ሰው ሲዛወር የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል» አሉ። የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚሰበስበው አጆል ግን የይለፍ ቃል የማይጠይቅ ብዙ ነገር አለው፤ ከእሱ ብትጀምሩ አትጎዱም።

ያሰባሰብኩትን ልልክላት ስል ነሐሴ 2023 መጣ። በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። በዚያ ላይ በሚያዝያ የጀመረው የሱዳን ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ በመተማ በኩል እየገባ ነበር፤ ከነዚያው ከጥቁሩ አፈር አገሮች። ያ ሁሉ ክፍት ጆርናል፣ ያ ሁሉ ነጻ በር፣ ለእሷ በአንድ ቀን ተዘጋ። በመጨረሻ ለሥራ ጎንደር ስትመጣ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሰጠኋት፤ 23 ፋይል፣ ብሩስንም ጨምሬ። ለምን እንደጨመርኩት ጠየቀችኝ። «ሥዕሉን እይው» አልኳት።

ከተመለሰች በኋላ ደወለች። አንብባለች፤ ሁለቱን ለሥራ ባልደረቦቿ አትማ ግድግዳ ላይ ለጥፋለች። የስሞቹን ዝርዝር ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችና፣

«ሠራተኞቹንስ በምን ስም ፈለግሃቸው?» አለች።

«የወቅት ሠራተኛ፣ ስደተኛ ሠራተኛ...»

«እዚህ እኮ እንዲህ የሚል ሰው የለም። ሳሉግ ነው የሚባሉት።»

ዝርዝሩ ሥር ጻፍኩት። በላቲን ፊደል በጂ ይሁን በሌላ የሚጻፈው፣ ሁለቱንም መሞከር አለብኝ።