የመገበሪያው ስንዴ

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራና በደባርቅ በኩል ወደ አክሱም የሚሄድ መንገደኛ፥ የሊማሊሞን ገደል ሲወርድ ደጋውን ከኋላው ይተዋል። ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት ብርዳሙ አገር በላይ ይቀርና፥ ድብ ባሕርን አልፎ ዛሪማ ሲደርስ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበትን ቈላ ያገኛል። ወንዙም ስሙ ዛሪማ ነው፤ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በዚያው አቅጣጫ የዋልድባ ገዳም ምድር አለ። የመኪና መንገድ በዚህ ገደል መጀመሪያ የተጠረገው ኢጣልያውያን አገሩን ይዘው በነበሩበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የሚወርደውና የሚወጣው ሸክም ሁሉ በሰው ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ ነበረ።

የዋልድባ አባት አቡነ ሳሙኤል በደብረ በንኰል የአባ መድኃኒነ እግዚእ ደቀ መዝሙር ነበሩ። በገዳማቸውም ከሌሎቹ ገዳማት ሁሉ የሚለይ ሥርዓት ጸና፤ በዋልድባ ክልል እህል አይዘራም፥ እህልም አይበላም። የመነኰሳቱ ምግብ ቋርፍ የሚባለው፥ በተለይ ከሙዝ የሚዘጋጀው ነው። የገዳሙ ትውፊት ይህን ሕግ ከእመቤታችን ስደት ጋር ያያይዘዋል፤ ጌታ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በዚያ ምድር ባለፈ ጊዜ እህል እንዳይዘራበት ቃል ሰጥቶታል ይላል። ጾምን የሚያውቅ ሁሉ በዚህ ይደነቃል፤ ከቅቤና ከሥጋ መከልከል አንድ ነገር ነው፥ ከእንጀራ ራሱ ዕድሜን ሙሉ መከልከል ግን ሌላ ነው።

ነገር ግን ጾሙን የሚያደንቅ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው አንድ ጕዳይ አለ። መነኰሴው ከእህል ቢለይም ከቅዳሴ አይለይም፤ ቅዳሴም ያለ ኅብስት አይፈጸምም፥ ኅብስቱም ያለ ስንዴ አይሆንም። አበው ይህን ጸሎት አኰቴተ ቍርባን ብለው ሰይመውታል፤ አኰቴት ማለት ምስጋና ነው። እንግዲህ እህል በማይዘራበት ምድር የሚኖር አመስጋኝ፥ የምስጋናውን ስንዴ ሌላ ሰው አርሶ ካልሰጠው ከየት ያገኘዋል? ቈላው ስንዴ አያበቅልም። ስለዚህ የመናኙ ምስጋና በደጋ ገበሬ በሬዎች ጫንቃ ላይ ይጫናል። ዓለምን ፈጽሞ የናቀው ሰው እንኳ ለመሠዊያው የሚበቃ አንድ ቍና ስንዴ ከዓለም ይቀበላል፤ ይህም ለመናኙ ነውር አይደለም፥ ለገበሬው ግን ክብርም ዕዳም ነው።

እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም.፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1770፥ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገብቶ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍም የዋልድባን መነኰሳት በጎንደር አይቻቸው ነበር፥ ያለ ምንም መከልከል በብዛት ሲበሉና ሲጠጡ ተመለከትሁ ይላል። እነርሱ በዋልድባ ውስጥ ኑሯችን ሌላ ነው እንደሚሉ ጨምሮ ይጽፍና፥ ምናልባት እውነት ይሆናል ብሎ ያልፈዋል። ትዝብቱ መራራ ነው፤ ቢሆንም ለማስተባበል መቸኰል አይገባም። ብሩስ ያየው ከገዳም የወጡትን እንጂ በገዳም የቀሩትን አይደለም፤ በበኣቱ የተቀመጠ ሰው በከተማ ለሚያልፍ እንግዳ አይታይምና። ደግሞም ሥርዓቱ የተሠራው ለዋልድባ ክልል ነበር፤ ከክልሉ ውጭ እህል የቀመሰ ሁሉ ሕግ አፈረሰ ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይመለስ ይቀራል። ሰውን የሚጠብቀው የገዳሙ ድንበር ብቻ ከሆነ፥ ድንበሩን በተሻገረ ጊዜ ማን ይጠብቀዋል?

ይህ ጥያቄ ከመነኰሴው ይልቅ በሕዝባዊው ላይ ይከብዳል። በአማራ አገር እንደምን አደርህ የተባለ ሰው መልሱ እግዚአብሔር ይመስገን ነው፤ የታመመም፥ የተራበም እንዲሁ ይመልሳል። ያማረ ልማድ ነው፤ ከአፍ ለማውጣት ግን ምንም አያስከፍልም። መገበሪያ ግን ያስከፍላል። ለኅብስቱ ስንዴ፥ ለወይኑ ዘቢብ፥ ለማዕጠንቱ ዕጣን፥ ለመብራቱ ጧፍ ይፈለጋል፤ እነዚህም በደኅና አደርን ብቻ አይገኙም።

ብዙ ዘመን ይህ ዕዳ ከመሬት ይከፈል ነበር። የጎንደር ነገሥታት ለአድባራት ጕልት ይሰጡ ነበር፤ እቴጌ ምንትዋብ ቍስቋምን ባሠሩ ጊዜ ለካህናቱ መተዳደሪያ መሬት መስጠታቸው ይታወቃል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ምእመን ቤተ ክርስቲያንን እንደ ባለጸጋ ዘመድ ያያት ነበር፤ ዘመድ ባለጸጋ ሲሆን ደግሞ ሊጠይቁት እንጂ ሊሰጡት አይሄዱም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ያ ዘመን ባንድ ቀን አለፈ። የደብሩ መሬት ሄደ፤ ቅዳሴው ግን አልቀረም። ደግነቱ፥ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ፥ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋምና ምእመናን ከካህናት ጋር ሆነው ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዲያስተዳድሩ፥ በገንዘባቸውም እንዲረዱ ተደንግጎ ነበር። በዚያን ጊዜ ደንቡ ለብዙዎች ትርፍ ሥራ መስሎ ታይቶ ይሆናል፤ ከ1967 በኋላ ግን ደብሩን የያዘው ይኸው ደንብ ሆነ።

ከጕልቱ ጋር የቀረ ጥሩ ነገርም አለ፤ እርሱን መካድ አይገባም። ለትምህርት የተቀመጠ ሊቅ ስለ ቀለቡ ሳያስብ ያስተምር ነበር፤ በኋላ ዘመን ግን ሊቁም ተማሪውም ተቸግረዋል። ሆኖም ቀድሞ ንጉሥ አንድ ጊዜ በብራና የሚከፍለው ዕዳ ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ። ስንዴውን ማን ያምጣ ሲባል ወደ ጎረቤት ማመልከት አይቻልም፤ ጎረቤትም ተራ አለውና።

የአቡነ ሳሙኤል በዓል ታኅሣሥ 12 ቀን ነው። በደጋው ያ ወራት ስንዴ የሚታጨድበትና የሚወቃበት ነው። ገበሬው ከአውድማው ምርቱን ሲያነሣ፥ ለዘር የሚቀመጠው፥ ለብድር የሚከፈለው፥ ለቤት የሚገባው እያለ ይለያል፤ ከዚያም መካከል አስቀድሞ የመገበሪያውን ሰፍሮ ለብቻው የሚያኖር አለ። ያ ስንዴ ወደ ቤተ ልሔም ይገባል፤ ዲያቆኑም ፈጭቶ፥ አቡክቶ፥ ሌሊት ይጋግረዋል።