ጨረቃ ስትጋረድ ማን አተረፈ?

ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ፣ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በሚበልጠው መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ደመና ካልከለለው በቀር፣ አንድ ነገር በአንድ ደቂቃ ማየት ይችል ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ35 ላይ የመሬት ጥላ የሙሉ ጨረቃን ጠርዝ ነካ፤ 5 ሰዓት ከ14 ላይ ጠለቅ አለ፤ 5 ሰዓት ከ52 ላይ ለቀቃት። ጥላው የያዘው ከገጿ ከመቶ ስድስት እጅ ያህሉን ብቻ ነው።

ታዲያ ይህች ቁራሽ ጥላ ምን ታስጽፋለች? የሚያስጽፈው ታሪኳ ነው።

ለማየት ከሆነ ግርዶሽ አድልዎ አያውቅም። የግመል እረኛውም፣ የከባድ መኪና ሾፌሩም፣ እኛ ተማሪዎችም ያለ መሣሪያ እኩል እናየዋለን። አድልዎው ያለው ቀድሞ ማወቁ ላይ ነው።

በ413 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት የአቴናው የጦር አዛዥ ኒኪያስ ከሲራኩስ ሊያፈገፍግ ሲነሣ ጨረቃ ተጋረደች። ሟርተኞቹ 27 ቀን ጠብቅ አሉት፤ ጠበቀ። ሠራዊቱ አለቀ፤ እሱም ተገደለ። ይህ አለማወቅ ነው።

አውቆ ማታለል ግን ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1504 ኮሎምበስ መርከቦቹ ተበላሽተውበት ጃማይካ ላይ ቀርቶ ነበር። ያገሬው ሰዎች ቀለብ ቢነፍጉት፣ የግርዶሹን ቀን ከሠንጠረዥ አይቶ፣ «አምላኬ ተቆጥቶ ጨረቃን ይነሣችኋል» ብሎ አስፈራራቸው። ጨረቃ ስትጠቁር ቀለቡ መጣለት።

ከዚያ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋርዳ ነበር። ሰዉ «ለልጁ ሞት ነው» ሲል፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ነቢዩ መናገራቸውን ሐዲስ ይዘግባል። ልብ በሉ፦ አንዱ በሕዝብ ፍርሃት ነገደ፤ ሌላው፣ ወሬው ክብር ሊጨምርለት ሲችል፣ እምቢ አለ። 

እኛስ? ያን ምሽት ሰዓቱን ቀድመን እናውቅ ነበር። ወጥተን፣ ቀና ብለን አይተን፣ ተመልሰን ተኛን። በአማርኛም ሆነ በአፋርኛ ለአንድ ሰው እንኳ ቀድመን አልተናገርንም። እንደ ኮሎምበስ አላታለልንም፤ ሠንጠረዡን ግን እንደሱ ኪሳችን ውስጥ አስቀረነው። ይህን እንደ ግለ ሂስ ቁጠሩልን። ለሚቀጥለው ግርዶሽ ግን ሰዓቱ ከጥላው በፊት እረኛው ዘንድ ይድረስ።